ጋሪው በከበደ ቁጥር

ይድረስ እህቴም እናቴም ለሆንሽው ለእታለም፤

ይህን ደብዳቤ የሚጽፍልሽ የፋብሪካ ባለቤት ነው። ቁጭ ብለሽ አንብቢው። እርግጥ ባለቤት የነበርኩት እስካለፈው ሳምንት ማክሰኞ ድረስ ነው። ከፋብሪካውም የእኔ ድርሻ ተሰልቶ በእጄ ቢሰጠኝ አንድ የበር ማጠፊያ ቢደርሰኝ ነው፣ እሱም ያለ ብሎኑ። ቢሆንም ባለቤት ባለቤት ነው። ከቤተሰባችን ማንም ያልደረሰበት ደርሼ መመለሴን ብቻ እወቂልኝ።

ለመሆኑ እንዴት ነሽ? ጤናሽ እንዴት ነው? ዓይንሽስ፣ አሁንም ክር መርፌ ውስጥ ስታስገቢ ምላስሽን ታወጫለሽ? የጋሼ ጉልበት አሁንም ዝናብ ሊመጣ ሲል ይናገራል ወይስ እንደ ባለቤቱ ጡረታ ወጣ? አክስታችን ጆሯቸው እንዴት ነው፣ ዛሬም የማይሰሙት መርጠው ነው? የትንሿ ልጅሽ የፊት ጥርስ በቀለ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን በአካሌ ደህና ነኝ። «በአካሌ» ያልኩት ዝም ብዬ አይደለም፣ ቀስ ብለሽ ትደርሺበታለሽ።

ይህን የምጽፈው በገዛ እጄ ነው። እስከ ዛሬ ይጽፍልኝ የነበረው አንድ አብሮኝ የሚያድር ልጅ በየደብዳቤው መሐል የራሱን ሰላምታ እየሰነቀረ አስቸግሮኝ ነበር፣ አሁን ተገላገልኩት። የማታ ትምህርት ቤቱ መምህራችን «የአንተ ፊደሎች ከመጠጥ ቤት የሚመለሱ ጓደኛሞች ይመስላሉ፣ ተደጋግፈው ነው የሚሄዱት» ይለኛል። እኔም ዋናው ነገር ቤታቸው መድረሳቸው ነው እለዋለሁ። ለምን አልደወለም እንዳትይ። ስልክ ላይ እኔ እቀልዳለሁ፣ አንቺ ትስቂያለሽ፣ ሳቃችን ሳያልቅ ሂሳቡ ያልቃል። የዛሬው ወሬ ደግሞ በቀልድ የሚያልፍ አይደለም።

ያለፈው ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ማንንም ሳላስቸግር፣ የግቢያችንን አጥር ተደግፌ ራሴ አነበብኩት። በሕይወቴ በገዛ ዓይኔ ያነበብኩት የመጀመሪያው ደብዳቤ ነው። ስሜን ሳገኘው እንደ ሕፃን ጮህኩ። ወረድ ስል «የኋላ ክፍሉን ለባለ ሥጋ ቤቱ ልንሸጥለት ነው፣ በወሩ መጨረሻ ወረቀቱን ይዞ ይመጣል፣ ገንዘቡን እልክልሃለሁና ለእኔም እንደ አንተ አክሲዮን ግዛልኝ» የሚለው ጋ ደረስኩ። እዚያ ላይ ማንበብ መቻሌን ጠላሁት። እታለም፣ አንቺ ደብዳቤ የምታነቢው የሞተ ሰው መኖሩን ለማጣራት ከታች ጀምረሽ ስለሆነ፣ ከየትም ብትጀምሪ እንድታገኚው እዚህም እጽፈዋለሁ፣ ታችም እደግመዋለሁ፦ እንዳትፈርሚ።

ይህን ሐሳብ ማን እንደከተተብሽ አውቃለሁ። ስልክ ላይ «ወንድምሽ ተኝቶ የሚያድግ ገንዘብ አገኘ» ብዬ የደነፋሁት እኔው ነኝ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ ይኸው አሁን እያለከለክኩ ልመልሰው እየሮጥኩ ነው። ያኔ አክሲዮን ምንድን ነው ብለሽ ስትጠይቂኝ «ረጅም ነገር ነው፣ በስልክ አይገባሽም» ብዬሽ ነበር። እውነቱን ለመናገር በአካልም ለራሴ አልገባኝም ነበር። አሁን ገብቶኛል፣ የትምህርት ቤቱንም ከፍያለሁ።

አንዲት ላም አስቢ። አምስት ሰው አዋጥቶ ገዛት። ማንም «ድርሻዬ ነው» ብሎ እግሯን ቆርጦ ወደ ቤቱ አይወስድም። ስትታለብ ወተቱን ይካፈላሉ፣ ይህ የትርፍ ድርሻ ይባላል። «ዘንድሮ ወተቱን ጥጃዋ ትጥባው» ብለው ከወሰኑ ደግሞ ጠብታ አታገኚም። መውጣት ስትፈልጊ ድርሻሽን ለሌላ ሰው ትሸጫለሽ። ላሟን የወደዳት ሰው ከገዛሽበት በላይ ይሰጥሻል፣ ታማለች የሚል ወሬ የሰማ ግን በግማሽ ዋጋም አይነካልሽም። ይህ መሻሻጫ ነው የአክሲዮን ገበያ የሚባለው። ደላላም አለው፣ እንደ ቤት ደላላ። አተረፍሽም ከሰርሽም እሱ የራሱን ቆርጦ ያስቀራል። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ብለው የተረቱት አባቶቻችን አክሲዮን ሳይገዙ አልቀሩም እላለሁ።

የእኛ ላም ልብስ ማጠቢያው ነበር። የሆቴሎችና የሆስፒታሎች አንሶላ፣ ፎጣ፣ የትራስ ልብስ በጭነት መኪና ይመጣል፤ እኔ ከመኪናው ወደ ማጠቢያው፣ ከማጠቢያው ወደ መተኮሻው በጋሪ እገፋለሁ። ወለሉ ሁልጊዜ እርጥብ ነው። መተኮሻው ክፍል ውስጥ እንፋሎቱ ሰው አያሳይም፤ ባልደረባሽን የምትለዪው በሳሉ ነው። አንድ ቀን አለቃችን የሳሙና በርሜል ላይ ወጥቶ «ድርጅታችን አክሲዮን ገበያ ገብቷል። የፈለገ ሠራተኛ ከደመወዙ እያስቆረጠ መግዛት ይችላል፣ ከእንግዲህ ሁላችሁም ባለቤት ናችሁ» አለ። አንሶላ አጣፊዋ፣ ምላሷ ከካውያ የሚተኩስ ሴት ናት፣ «ባለቤት ከሆንኩ ነገ አርፍጄ መግባት እችላለሁ?» አለችው። ሁላችንም ሳቅን። አለቃው አልሳቀም።

መጀመሪያ ማንም ደፍሮ አልገዛም። ቆይቶ ዋጋው ትንሽ ወጣ፣ ከዚያም ደገመ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ እኛ ግን መታጠቂያችንን እንኳን ሳንፈልግ ሮጥን። ደግሞ ሌላው የሌለው ጥበብ አለን ብለን አሰብን። የገበያ አዋቂ የተባለው ሁሉ በከረባት ታንቆ ሲገምት እኛ በእጃችን እንመዝናለን! የተራበ ድርጅት ጋሪው ባዶ ነው፣ የጠገበ ድርጅት ጋሪው ከባድ ነው። ሕጋችን ይኸው ነበር፦ ጋሪው ከከበደ ግዛ፣ ከቀለለ ተቀመጥ። ጠዋት ጠዋት የመጀመሪያውን ጋሪ ስገፋ ሁሉም «እህ?» ብለው ዓይን ዓይኔን ያያሉ። እኔም ወገቤን ይዤ አቃስታለሁ። ሳቃስት ደስ ይላቸው ነበር፣ እታለም! ሰው በወንድሙ ወገብ ሕመም እንዲህ ሲደሰት አይተሽ አታውቂም። ጋሪውም በየሳምንቱ ይከብድ ጀመር፣ አዲስ ሆቴል፣ አዲስ ሆስፒታል። ዋጋውም ወጣ።

ማንበብ የጀመርኩትም ያን ሰሞን ነው። በምሳ ሰዓት የዘበኛውን ጋዜጣ ይዤ የአክሲዮናችንን ዋጋ ጮክ ብዬ የማነብላቸው እኔ ሆንኩ። የምቀመጥበት ያልነበረኝ ሰው የታጠፈ ፎጣ ይነጠፍልኝ ጀመር። «ዝም በሉ፣ አንባቢው መጣ» ይባላል። ልቤ አበጠ፣ አልዋሽሽም። ብቻ ከትልቁ ቁጥር ሥር ሁልጊዜ ደቃቅ ጽሑፍ ነበረች። ትምህርቴ እዚያ አልደረሰም ነበር፣ የምችለው ትልልቁን ነው። ደቃቋን ማንም አንብብልን ብሎኝ አያውቅም፣ እኔም አልወድቅባትም ብዬ ዘለልኳት።

ከሁሉ አብልጠው የሚሰሙኝ አባ እንፋሎት ነበሩ። ውሃ አፍልቶ እንፋሎት የሚሰጠውን ትልቁን ቦይለር የሚጠብቁ ሽማግሌ ናቸው፤ ስማቸውን ማን ያስታውሰዋል፣ ሁሉም አባ እንፋሎት ነው የሚላቸው። ሚስታቸው ሞታለች፣ ልጅ የላቸውም፣ ጡረታቸው ደርሷል። በክረምት ብርድ ቦይለሩ ሥር ሞቃቷን ቦታ ለእኔ ይለቁልኛል። «ጡረታ ስወጣ ምን ያምረኛል መሰለህ፣ ሌላ ሰው ያጠበው አንሶላ ላይ፣ ሌላ ሰው ባነጠፈው አልጋ፣ ፀሐይ ሆዴ ላይ እስክትወጣ መተኛት» ይሉኝ ነበር። ይህቺን ለማግኘት ነው መጀመሪያ ያጠራቀሙትን ሁሉ የገዙበት። ዋጋው ሲጨምር ደግሞ አንዲት የራሳቸው የሆነች ክፍል ነበረቻቸው፣ መስኮት ያላት፣ እሷን ሸጡና ገንዘቡንም ጨመሩበት። «ለጊዜው ነው» ብለው እኛ የምናድርበት ቤት መጥተው ከእኔ ቀጥሎ ያለውን አልጋ ተከራዩ። «አንተ አንባቢ፣ ሲደርስ ትነግረኛለህ» አሉኝ። እሺ አልኳቸው። ምን ሲደርስ እንደሆነ እሳቸውም አላሉ፣ እኔም አልጠየቅኩ።

የነገረን ሰው አልነበረም አልልሽም። መምህራችን ስለ አክሲዮናችን ስደነፋ ሰምቶኝ ጥቁር ሰሌዳው ላይ የንባብ መልመጃ ብሎ ጻፈ፦ «ዋጋ ማለት ሌላ ሰው ዛሬ ሊከፍልህ የፈቀደው ነው፤ ነገ ላይፈቅድ ይችላል።» ገልብጡ አለን። አቤት ያገለባበጤ ማማር! ዞሮ አይቶ «በርታ» አለኝ። ፊደሉን አሳምሬ ነገሩን እዚያው ሰሌዳው ላይ ተውኩት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

ከዚያ ጋሪው ከመቼውም በላይ ከብዶ ሳለ ዋጋው ወረደ። ሳነበው ተሳስተሃል አሉኝ፣ ድጋሚ አነበብኩ። አለቃችን «ትንሽ ንፋስ ነው፣ ያልፋል፣ የሸጠ ይቆጨዋል» አለ። አጣፊዋ ግን በማግስቱ በኪሳራ ሸጣ ወጣች። ወንዶቹ ፈሪ ብለው ሲያሾፉባት አንሶላዋን ከማጠፍ ቀና ሳትል «ፈሪ ለእናቱ ነው፣ እኔ ደግሞ ለልጆቼ። ቀዳዳ ራሱን ሰፍቶ አያውቅም» አለች። አንቺ ልብስ ሰፊ ነሽና ይህ ቃል ይገባሻል። እኛ አልገባንም። እንዲያውም «ረክሷል» ብለን የጨመርን ነበርን። ከጨመሩት አንዱ ይህን የሚጽፍልሽ ባለ ፋብሪካ ነው።

ዋጋው መውረዱን አልተወም። እኔም በመጨረሻ ልሸጥ ደላላው ቢሮ ሄድኩ። የምታስተናግደዋ ልጅ ከመስታወት ጀርባ ሆና «መዝግበናል፣ ግን ገዥ የለም» አለችኝ። ዋጋው እዚህ ተጽፎ የለም እንዴ ብዬ ጋዜጣውን አሳየኋት። «እሱ የመጨረሻው ሰው የገዛበት ነው። ከእሱ በኋላ የመጣ የለም» አለች። «እንግዲያው አንቺ ግዥኝ፣ ጎበዝ ገፊ ነኝ» አልኳት። እሷም አልሳቀችም። ለካ እታለም፣ ገዥ እስኪመጣ ድረስ በወረቀት ላይ ያለ ትርፍ ትርፍ አይደለም፤ ደጅ ቆሞ ያልገባ እንግዳ ነው። እኛ ደግሞ ስንት ጊዜ ምሳ አቀረብንለት!

ኋላ ሁሉም ሲወጣ ነገሩ እንዲህ ነበር። ድርጅቱ ትልቅ መስሎ አክሲዮኑ እንዲወደድለት፣ ሆቴሎቹን ከሌላ አጣቢ ለመንጠቅ፣ ከሳሙናውና ከነዳጁ ዋጋ በታች ያጥብ ነበር። አንድ አንሶላ ባጠበ ቁጥር ይከስር ነበር። ጋሪው በከበደ ቁጥር የሚከብደው ኪሳራው ነበር። እኛ ኪሳራውን በገዛ እጃችን እየገፋን፣ ወገባችንን ይዘን፣ እሰይ እንል ነበር። ያቺ ደቃቅ ጽሑፍም ይህንኑ ነበር የምትለው፣ አሁን ጨርሼ አንብቤያታለሁ።

ማክሰኞ ጠዋት በሩ በሰንሰለት ታስሮ ጠበቀን። በአጥሩ ስናይ የሰኞ ጋሪዎች እርጥብ አንሶላ እንደተሸከሙ ቆመዋል። ቦይለሩ ግን ገና አልበረደም ነበርና ዘበኛው ፈርቶ አባ እንፋሎትን ብቻ አስገባ፣ እኔንም እጃቸውን ይዤ ስለነበር አሳለፈኝ። የቧንቧዎቹን መዝጊያ ቫልቮች አንድ በአንድ ዘጉ። የቀረው እንፋሎት እያፏጨ ወጣና ዝም አለ። ያ ቤት ዝም ሲል ሰምቼው አላውቅም ነበር። የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጡና «የዛሬውን አንብብልኝ» አሉኝ። በስማችን ትይዩ ቁጥር አልነበረም፣ ሰረዝ ብቻ ነበር፤ ከሥሩ «መገበያየት ቆሟል» ይላል። አነበብኩላቸው። ሆዳቸውን ይዘው ሳቁና «ዕድሜ ልኬን የማተነው ውሃ ብቻ ነበር፣ ለካ ገንዘብም ይተናል!» አሉኝ።

ሐሙስ ዕለት ደረታቸውን ያዛቸው። ሆስፒታል ወስደን አስተኛናቸው። ልጠይቃቸው ስሄድ የአንሶላው ጥግ ላይ በሰማያዊ ክር የተሰፋች ምልክት አየሁ፣ የእኛው ማጠቢያ ምልክት። ሆስፒታሉ ደንበኛችን ነበር። የተኙት እሳቸው ባፈሉት ውሃ የታጠበ፣ በእሳቸው እንፋሎት የተተኮሰ፣ እኔ የገፋሁት አንሶላ ላይ ነው። እንዳያዩት ብዬ ጥጉን ፍራሹ ሥር ሸጎጥኩት። «ተወው፣ ቀድሜ አይቼዋለሁ» አሉኝ። እሑድ አረፉ። አልጋቸው ላይ የቀረ ልብሳቸውን አጣፊዋ መጥታ አጣጠፈችው።

አክሲዮን ሁሉ ሌባ ነው አልልሽም። አጣፊዋ ዛሬም ከአንድ ሁለት ሌላ ድርጅት አክሲዮን አላት፤ ግን ትንሽ ትንሽ፣ ብትጠፋ ልጆቿ ጦም በማያድሩባት ገንዘብ፣ ሥራ ከማትሠራበት ቤት። እኔ የዕለት ጉርሴንም ቁጠባዬንም አንድ ቦታ አስቀመጥኩና ሁለቱም በአንድ ጠዋት ተቆለፈባቸው። አንቺ ልብስ ታውቂያለሽ፤ ነጩንም ቀዩንም አንድ ባልዲ ውስጥ ዘፍዝፈሽ ቀዩ ቀለም ከለቀቀ የሚተርፍ ነጭ የለም። የኋላ ክፍሉ ደግሞ ቀሪ ገንዘብ አይደለም፣ የስፌት መኪናሽ የቆመበት ነው። ዋጋው ወጣ ወረደ ብሎ ማንም ጋዜጣ ላይ አይጽፍለትም፤ ግን ጠዋት ጠዋት በመስኮቱ ብርሃን ይገባል፣ አንቺም በዚያ ብርሃን የመርፌዋን ቀዳዳ ታያለሽ። ሸጠሽው ወዴት ትሄጃለሽ? «ለጊዜው ነው» እንዳትዪኝ። ይህቺን ቃል ከአጠገቤ አልጋ ሰምቻታለሁ።

ለዚህ ወር የምልክልሽ የለም፣ ይቅር በይኝ። ስለ እኔ አታስቢ፤ አንድ ምንጣፍ አጣቢ ቀጥሮኛል ማለት ይቻላል፣ ማለቴ ሰኞ ተመለስ ብሎኛል። ሳይደግስ አይጣላም።

ለጋሼ ከጉልበቱ ጋር ሰላምታዬ ይድረሰው፤ ሽያጩን የወደደው እሱ እንደሆነ ገብቶኛል፣ «እባክህ» በይልኝ። ለአክስታችን ጉንጫቸውን ሳሚልኝና ይህን ደብዳቤ ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው፣ ዛሬስ ይስሙ። ትንሿን አዲሱ ጥርሷ ላይ ሳሚልኝ፤ አጎትሽ ቀድሞሽ ማንበብ ቻለ በያት፣ ትናደድና ትማር። ባለ ሥጋ ቤቱንም ሰላም በይልኝ፣ ክፍሉ ግን የሚሸጥ አይደለም። እታለም፣ እንዳትፈርሚ።

ወንድምሽ
ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ፣ ከምናድርበት ቤት፣ ባዶው አልጋ አጠገብ
ሐሙስ ከሰዓት በኋላ

ይድረስ ከታች ለምትጀምሪው፦ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ አንዲት የፈጠርኳት ነገር አለች። አባ እንፋሎት ባልዲው ላይ ተቀምጠው ሳቁ ብዬ ጽፌያለሁ። ስለ ገንዘብ መትነን የተናገሯት ቀልድም የእኔ ናት፣ ስጽፍ መጣችልኝ፣ ወረቀቱ እንዳይከብድሽ ብዬ ሰጠኋቸው። አልሳቁም። አንብቤ ስጨርስ «ድገመው» አሉኝ። ደገምኩት። «አሁንም ድገመው» አሉኝ። ሦስተኛውን ስጨርስ እጃቸውን ቧንቧው ላይ አደረጉ፣ እስኪበርድም አላነሱትም። ቀልዷን ልሰርዛት ብዬ ነበር፣ ግን መሰረዙ ወረቀቱን የሚያበላሽብኝ ሆነ። እንዳለች ብተዋት ደግሞ ይህ ነገር ተስቆበት የሚወጣ መስሎሽ ትፈርሚያለሽ ብዬ ፈራሁ። ወደ ላይ ሄደሽ ስትደርሺባት፣ እታለም፣ አትሳቂ።